ሞላው ሲደክም አየር መሙላት

ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ጠዋት ከኮምቦልቻ ባዶውን የወረደ ሞተር ማታ ሲመለስ ከነጂው ኋላ አንድ ሰው፣ ከሰውየው ኋላ ደግሞ በገመድ የተጠፈረ ማዳበሪያ ይዟል። በነጋታው ያው ሞተር ደሴ ውስጥ ኮብልስቶኑን ነጂውን ብቻ ይዞ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ለሰኞ ማታ የሚበቃ ጠንካራ ሞላ (ክብደት ተሸካሚው ጥምዝ ሽቦ) ማክሰኞ ጠዋት ወገብ ይነርታል። ለማክሰኞ የሚመች ልስልስ ሞላ ደግሞ ሰኞ ማታ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ጎማውን ከፓራፋንጎው (ከጭቃ መከላከያው) ጋር ያፋጨዋል። የአየር አሞርዛተር፣ ማለትም አየር የሚሞላ የኋላ ጎማ ምት ማብረጃ፣ የሚጠቅመው እንዲህ ላለው ሞተር ነው፤ ጭነቱ ሲቀያየር ጥንካሬውም በፓምፕ የሚቀያየር።

ስለዚህ ቀድሜ የምናገረው ብዙ ሻጭ የማይወደውን ነው። ጭነታችሁ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ከሆነ የአየር አሞርዛተር አትግዙ። ጠንከር ያለ የሞላ አሞርዛተር ግዙ። ሞላ አይተነፍስም፣ ቫልቭ የለውም፣ በየሳምንቱ ለኩኝ አይልም። አየር የሚያዋጣው ጭነቱ ከቀን ቀን ለሚለያይና መለኪያና ፓምፕ ይዞ ለመዞር ለማይሰለች ሰው ነው።

«ሞላ» በጋራዥ ቋንቋ ከጣሊያን የወረስነው ስም፣ በአማርኛው ደግሞ ግስ መሆኑ ቅኔ ለሚወድ ሰው የተዘጋጀ ይመስላል፤ ሞላው ደከመና አየር ሞላ። ግን እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ይሸሸጋል። አሞርዛተር ሁለት ሥራ አለው። ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። የሞላውን መዝለል የሚያበርደው ደግሞ ውስጡ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ዘይት ነው። አየር የሚያግዘው ሞላውን ብቻ ነው። ዘይቱ ያለቀ ወይም የቀጠነ አሞርዛተር ላይ አየር መጨመር ፈረሱን ሳይገሩ ቀለቡን እንደ መጨመር ነው፤ ጉልበቱ በዛ፣ ዝላዩም በዛ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ (እንደ ፈረንጆቹ) ፎክስ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሞቶክሮስ ውድድር ሞላ የሌለው፣ በአየር ብቻ የሚሸከም አሞርዛተር ሠርቷል። በ1980 ደግሞ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ጂኤል 1100 ከፋብሪካው የፊቱም የኋላውም አየር የሚሞላ ሆኖ ወጣ። እኛ ዘንድ ግን የሚነሣው ሌላ ዓይነት ሞተር ነው፤ ሱዙኪ ቲኤፍ 125፣ የቀድሞው ሆንዳ ኤክስኤል 125 ኤስ፣ ሲጂ 125፣ ከቅርቦቹም ባጃጅ ቦክሰር። ሁሉም ከኋላ ግራና ቀኝ ሁለት አሞርዛተር አላቸው፤ የምጽፈውም ስለ እነዚህ ነው። ያማሃ ዲቲ 125ን የመሰሉት፣ ከመቀመጫው ሥር አንድ ብቻ ያላቸው፣ ሌላ ልክና ሌላ ስሌት ስለሚፈልጉ እዚህ አይገቡም።

ገበያ ላይ «የአየር» ተብሎ የሚቀርበው ሁሉ የአየር አይደለም። አንደኛው በአየር ብቻ የሚቆም ነው፤ አየሩ ከወጣ ሞተሩ ቁጭ ይላል። ሁለተኛው ሞላም አለው፣ በዚያ ላይ አየር ይታከልበታል፤ አየሩ ቢወጣ ሞላው ከነድካሙ ቤት ያደርሳል። ሦስተኛው ጎኑ ላይ ትንሽ ታንከር ያንጠለጠለው፣ «ጋዝ» የሚሉት ነው። ይህ ናይትሮጅን የተሞላ ሲሆን ጋዙ የገባው ዘይቱ አረፋ እንዳይሠራ እንጂ ጭነት እንዲሸከም አይደለም። በጎማ ፓምፕ አይነካም፣ ቫልቩም አይከፈትም። በርካሾቹ ላይ ታንከሩ ለጌጥ ብቻ የተበየደ ባዶ ብረት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ። ለወሎ መንገድ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው። ከውጫሌ በላይ ወይም ወደ ደላንታ በሚያወጣው ፒስታ (አስፋልት ያልለበሰ መንገድ) ላይ አየር ቢተነፍስ ሞላ ያለውና የሌለው ልዩነታቸው ቤት ማደርና ሜዳ ማደር ነው።

ከሳዑዲ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ለሚያስመጡ፣ «ለሞተር የሚሆን የአየር አሞርዛተር» ብሎ ማዘዝ አይበቃም። አራት ልክ ተጽፎ ይላክ። የመጀመሪያው ከላይኛው ዓይን (ቡሎን ከሚያልፍበት ጫፍ) መሐል እስከ ታችኛው ዓይን መሐል ያለው ርዝመት ነው። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ብዙውን ጊዜ ከ320 እስከ 340 ሚሊ ሜትር ቢሆንም የራሳችሁን ለኩ፤ ሲለካም ሞተሩ በካቫሌቶ (በመሐል መቆሚያው) ቆሞ የኋላ ጎማው ተንጠልጥሎ ይሁን። ሁለተኛው ቡሎኑ የሚገባበት የቦኮላው (ዓይኑ ውስጥ የተሰካው ትንሽ ቧንቧ) ውስጥ ስፋት ነው፤ 10፣ 12 ወይም 14 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ሦስተኛው የቦኮላው ወርድ፣ አራተኛው የታችኛው ጫፍ ቅርጽ፤ ክብ ዓይን ነው ወይስ ሁለት ጣት ያለው ሹካ? የዓይኑና የሹካው ጉዳይ ሲረሳ እቃው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

በርዝመቱ ላይ እስከ 10 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይቻላል። ከዚያ በላይ ሲረዝም የሞተሩ ኋላ ከፍ ይላል፣ መሪው ይቀልላል፣ ቁልቁለት ላይ ይቅበዘበዛል፤ ሰንሰለቱም የኋላውን ሹካ (የኋላ ጎማውን የያዘውን ክንድ) እየፋቀ ይበላዋል። ሲያጥር ደግሞ ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል። 12 ሚሊ ሜትር ቡሎን 14 ሚሊ ሜትር ቦኮላ ውስጥ ከገባ በየጉድጓዱ ይንኳኳል፣ በወር ውስጥም ቀዳዳውን እንቁላል ያስመስለዋል። መፍትሔው በላስቲክ ወይም በቆርቆሮ መጠቅለል አይደለም። ቶርኖ ቤት ወስዶ በልኩ ማስገቢያ ማስቀረጽ ነው፤ ነሐስ ከተገኘ ነሐስ፣ ካልተገኘ ብረት።

አሁን ትንሽ ቁጥር ልታገሡኝ ነው፤ እዚህ ላይ ያልገባው ሰው ፓምፑን ሲይዝ ያጠፋል። አየሩ የሚገፋበት ክብ ከዳር እስከ ዳር 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ስፋቱ 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። 30 ፒኤስአይ (ጎሚስታው የሚለካበት የግፊት ልክ) ማለት 2 ባር ከምናምን ነው፤ በዚህ ግፊት አንዱ አሞርዛተር 15 ኪሎ ገደማ ይሸከማል፣ ሁለቱ 30። አሞርዛተሩ ትንሽ ስለሚጋደምና ከጎማው መሐል ፈንጠር ብሎ ስለሚታሰር ጎማው ላይ የሚደርሰው 25 ኪሎ አካባቢ ነው። አንድ ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውኃ መሆኑ ነው። ከዚህ በላይ ተአምር የሚጠብቅ ሰው አየሩን ሳይሆን ሻጩን አምኗል።

ጀሪካኑ የታሰረበት ቦታም ሂሳብ አለው። የሁለቱ ጎማዎች መሐል ርቀት 1,250 ሚሊ ሜትር በሆነ ሞተር ላይ ያ 25 ኪሎ ከኋላ ጎማው መሐል 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ አልፎ ቢታሰር፣ የኋላው ጎማ የሚሸከመው 29 ኪሎ ነው፤ ፊቱም 4 ኪሎ ይቀልላል። ፊት የቀለለው ሞተር ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ሐረጎን በዝናብ ሲወርድ ምን እንደሚሆን መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። አየር ጨምሮ ኋላውን ማንሣት የቀለለውን ፊት አይመልሰውም። ጭነቱን ወደ ፊት ማስጠጋት ግን ይመልሰዋል፣ ወጪውም አንድ ገመድ ነው።

አየር ከሞላ የሚለይበት ሌላ ጠባይ አለው፤ በተጨመቀ ቁጥር ይጠነክራል። ውስጡ 100 ሲሲ አየር ቢኖርና አሞርዛተሩ 60 ሚሊ ሜትር ቢገባ፣ ከአየሩ ቦታ 42 ሲሲው ይወሰዳል፤ 30 የነበረው ግፊትም ወደ 60 ይወጣል። መጀመሪያ ለስለስ ብሎ መጨረሻው ላይ የሚደርቀው ለዚህ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጥሩ ነው፣ እስከ መጨረሻው እንዳይመታ ያደርጋል። ጉዳቱ ደግሞ ያ ሁሉ ጉልበት ተመልሶ የሚወጣ መሆኑ ነው። የሚያበርደው ዘይት ከደከመ፣ ሞገድ በሞገድ የሆነ ፒስታ ላይ ጎማው መሬቱን እየረገጠ ሳይሆን እየዘለለ ይሄዳል። ፈተናው ቀላል ነው። መቀመጫውን በሁለት እጅ ወደ ታች ተጭናችሁ ልቀቁ። ወጥቶ ከቆመ ደግ ነው፤ ወጥቶ ወርዶ እንደገና ከወጣ አሞርዛተሩ ያገለገለ ሳይሆን ያለቀ ነው። ያገለገለ እቃ ስትገዙ ይህንን አሞርዛተሩን በእጅ ጨምቃችሁ ማወቅ ትችላላችሁ፤ ሲገባም ሲወጣም ሊቃወማችሁ ይገባል፣ በተለይ ሲወጣ።

ከመግጠም በፊት ሞተሩ ራሱ ይመርመር። ብዙዎቹ ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጡ ስለሆኑ ከሥር ምን እንዳሳለፉ አይታወቅም። በካቫሌቶ አቁማችሁ የኋላ ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ ግፉት። ኮቅ ኮቅ ካለ የኋላው ሹካ ቦኮላ አልቋል፤ እሱ ሳይቀየር የሚገጠም አሞርዛተር ሁሉ ተጣሞ ይሠራል፣ ዘንጉም ጎን ለጎን እየተፋቀ ፓራኦሊዮውን (ዘይት የሚከለክለውን ላስቲክ) ይበላል። ቀጥሎ አሞርዛተሩ ከላይ የሚታሰርበትን፣ ሻንሲው ላይ የተበየደውን ጉጥ አጽዱትና በባትሪ መብራት እዩት። ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለ የዝገት መስመር ካለ ብረቱ ተሰንጥቋል። አየር ሲጨመር መጀመሪያ የሚጎዳው ይህ ቦታ ነው፤ ቀድሞ ሞላው እየታጠፈ ይውጠው የነበረው ምት አሁን ወደ ብየዳው ይሄዳልና። የቸርኬውን ሽቦዎችም አንድ በአንድ በቁልፍ ጫፍ መታ መታ አድርጉ፤ የላላው ድምፁ ያስታውቃል። የፋብሪካው የጭነት ወሰንም በአየር አይጨምርም። ጎማው፣ ቸርኬው፣ ፍሬኑ፣ ሻንሲው የነበሩት ናቸው።

መግጠሙ ከዚህ ሁሉ ይቀልላል፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው። ጥበቡ አንዱን ጎን ብቻ መፍታት ነው። የግራው ተፈትቶ አዲሱ ሲገባ የቀኙ ጎማውን ይዞ ይቆያል። ሁለቱን አንድ ላይ የፈታ ሰው ሹካው ወርዶበት ቀዳዳ ከቀዳዳ ሲያጋጥም ይውላል። ካቫሌቶ የሌለው ሞተር ኤንጂኑ ሥር ግንድ ገብቶለት ይቁም። የሮንዴላዎቹን (ቡሎኑ ላይ የሚገቡትን ጠፍጣፋ ቀለበቶች) አቀማመጥ ከመፍታታችሁ በፊት በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ከውስጥ የነበረው ሰፊ ሮንዴላ ከውጭ ሲገባ አሞርዛተሩ ወደ ሰንሰለቱ ይጠጋል። ቦኮላው ላይ ስስ ግራሶ ይቀባ። አሞርዛተሩ አምራቹ ባሳየው አቅጣጫ ይቁም፤ አየርና ዘይት በአንድ ክፍል የሚቀመጡበት ዓይነት ተገልብጦ ከተገጠመ ዘይቱ ባለበት ቦታ አየር ይገባል፣ ማብረዱም ይቀራል። ቫልቩ ወደ ውጭ ይዙር፣ ከሰንሰለትና ከማርሚታ (ከጭስ ማውጫው) ራቅ ይበል።

ዳዶዎቹ መጀመሪያ በእጅ ብቻ ይጠበቁ። ሞተሩ ከካቫሌቶው ወርዶ፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ከዚያ ነው የመጨረሻው ማጥበቅ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ (በቦኮላው ዙሪያ ያለው ላስቲክ) ሞተሩ ሲወርድ ተጠምዝዞ ይኖራል፤ በጥቂት ወር ይቀደዳል። የፋብሪካው ልክ ካለ እሱን ተከተሉ፤ ከሌለ ለ10 ሚሊ ሜትር ቡሎን ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ረጅም ቧንቧ ቁልፍ ላይ ሰክቶ መጎተት የጉጡን ጥርስ ከመብላት ሌላ ፋይዳ የለውም። ራሱን የሚይዝ ናይለን ያለው ዳዶ አዲስ ይሁን።

ከዚያ የሚዘለል ግን ሊዘለል የማይገባው ፈተና አለ። አየር ሳይሞላ ኋላውን እስከ መጨረሻው ማስገባት። ሁለት ሰው ሊቀመጥበት ወይም በጭነት ቀበቶ ወደ ታች ሊጎተት ይችላል። እዚያ ላይ ጎማው ከፓራፋንጎው፣ የአሞርዛተሩ ሆድ ከሰንሰለት ሽፋኑ፣ ሌላው ጎን ደግሞ ከማርሚታው ቢያንስ የጣት ውፍረት ያህል ይራቅ። የአየር አሞርዛተር ከፋብሪካው የሞላ አሞርዛተር ይወፍራል፤ ቆሞ ሲታይ የማይነካው ሲገባ ይነካል።

ሰንሰለቱም እንደገና ይስተካከል። ኋላው ከፍ ሲል ሰንሰለቱ የላላ ይመስላል፤ በዚያ ልክ ያጠበቀ ሰው ጭነት ሲጫን ሰንሰለቱን ክር ያደርገዋል፣ የፒኞኑን (የፊቱን የሰንሰለት ጥርስ) ኩሽኔታም ይገድላል። ትክክለኛው ሰንሰለቱ በጣም በሚወጠርበት ቦታ ላይ መለካት ነው፤ ይኸውም ፒኞኑ፣ የኋላው ሹካ ማዞሪያና የኋላ ጎማው መሐል አንድ መስመር ላይ ሲውሉ ነው። እዚያ ላይ ትንሽ ልቅነት ከተረፈ ሌላው ቦታ ላይ አይጠበቅበትም። የፊት መብራቱም ይታይ። ኋላው ሲነሣ መብራቱ ወደ መሬት ይወርዳል፣ ኋላው ሲጫን ደግሞ የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል።

የአየር ቱቦው ነገር ሁለት አማራጭ አለው። ለየብቻ ሁለት ቫልቭ፣ ወይም ሁለቱን በቀጭን ናይለን ቱቦ አገናኝቶ በቲ መገጣጠሚያ አንድ ቫልቭ ማድረግ። መኪና ላይ ግራና ቀኙን ማገናኘት መጠምዘዣ ላይ አየሩን ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚገፋ መኪናውን ያጋድላል። ሞተር ላይ ግን ሁለቱም አሞርዛተሮች በአንድ ሹካ ላይ ስለታሰሩ እኩል ይገባሉ እኩል ይወጣሉ፤ የሚገፋፉት ነገር የለም። ስለዚህ ማገናኘቱን እመርጣለሁ። ተቃውሞው «አንድ ቦታ ቢቀደድ ሁለቱም ይተነፍሳሉ» የሚል ነው። እኔ ይህንን እንደ ጥቅም ነው የማየው። ለየብቻ ሆነው አንዱ ብቻ ቢተነፍስ ሹካው ይጠመዘዛል፣ ሞተሩ ወደ አንድ ወገን ይጎትታል፤ ሁለቱ አብረው ሲተነፍሱ ግን ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ነጂውም ወዲያው ያውቀዋል። ለየብቻ ላደረገ ሰው በግራና በቀኝ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ፒኤስአይ አይብለጥ።

ቱቦው በመቀስ አይቆረጥም፤ መቀስ ጫፉን ይጨፈልቀዋል፣ የተጨፈለቀ ጫፍ ኦሪንግ (አየር የሚዘጋው የላስቲክ ቀለበት) ላይ አይገጥምም። በአዲስ ምላጭ፣ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥ። ከማርሚታው ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ጎማው ተንጠልጥሎ እስከ መጨረሻው ሲወርድ እንዳይወጠር ትርፍ ይኑረው፤ ሻንሲው ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ ሲታሰርም ቱቦው በጣት ሲነካ ሸርተት የሚል ይሁን። ታንቆ የታሰረ ቱቦ ራሱ ማሰሪያው ሥር ይቆረጣል።

አሁን አየሩ። ጎሚስታ ቤት ያለው ኮምፕሬሰር ከ100 ፒኤስአይ በላይ ይዞ ነው የሚቆመው። ጎማ ብዙ ሊትር ስለሚይዝ ይችለዋል። 100 ሲሲ የሚይዝ አሞርዛተር ግን በዓይን ጥቅሻ ፓራኦሊዮው ተገፍቶ ይወጣል። የእጅ ፓምፕ ይበቃል፤ የብስክሌት ፓምፕም ቫልቩ የጎማ ዓይነት ከሆነ ይሠራል። መለኪያው ከ0 እስከ 60 የሆነ ይሁን። የጭነት መኪና መለኪያ ላይ 20ና 30 አንድ ጭረት ናቸው።

መለኪያው ራሱ አየር ይበላል። አሞርዛተሩ 100 ሲሲ፣ የመለኪያው ቱቦ 10 ሲሲ ቢይዝ፣ 30 የነበረው ሲለካ ወደ 27 ይወርዳል። በየቀኑ እየለካ «ይተነፍሳል» ብሎ የሚያማርር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተነፍሰው ራሱ ነው። የራሳችሁ መለኪያ ስንት እንደሚበላ አንዴ እወቁ። ለኩ፣ ንቀሉ፣ እንደገና ለኩ፤ ልዩነቱ ያ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ያህል አስበልጦ መሙላት ነው።

ስንት ይሞላ ለሚለው የመጀመሪያው መልስ አሞርዛተሩ ላይ የታተመው ትልቁና ትንሹ ቁጥር ነው። ትንሹም የሚናቅ አይደለም፤ የላስቲክ ሽፋን ያለው ዓይነት ባዶውን ከተነዳ ሽፋኑ ተጣጥፎ ይቆረጣል። በእነዚያ መካከል የሚወስነው ዝቅታው ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ከጎማው መሐል እስከ መቀመጫው ሥር ባለ ምልክት ለኩ። ከዚያ ሞተሩ ወርዶ፣ ነጂው ተቀምጦ፣ ጭነቱ ካለም ተጭኖ፣ ያንኑ ለኩ። ልዩነቱ ጎማው ሊንቀሳቀስ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ይሁን፤ 100 ሚሊ ሜትር የሚንቀሳቀስ ከሆነ ከ25 እስከ 33 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከወረደ ሦስት ሦስት ፒኤስአይ እየጨመሩ መለካት ነው። ምንም የማይወርድ ሞተር ጠንካራ ሳይሆን ደንቆሮ ነው፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ጎማው የሚከተልበት ቦታ ስለሌለው መሬቱን ይለቃል።

ሞልታችሁ ስትጨርሱ መገጣጠሚያዎቹንና ቫልቩን የሳሙና አረፋ ቀቡ። አንዳንዱ ፍሳሽ ቶሎ አረፋ አይሠራም፤ በጣም በዝግታ ነው። እንግዲህ ቡና ይፈላ። አቦሉ ላይ ያልታየው በረካው ላይ ይታያል።

ደሴ ላይ የሞሉት አየር ባቲ ሲወርድ ምን ይሆናል የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850፣ ባቲ 1,500 አካባቢ ላይ ናቸው። ወደ ታች ሲወረድ የውጭው አየር ይከብዳል፤ በዚህ ብቻ 30 የነበረው መለኪያ ኮምቦልቻ ላይ 29፣ ባቲ ላይ 28 ተኩል ያነባል። ነገር ግን ቆላው ይሞቃል። ደሴ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ የተሞላው ባቲ 30 ዲግሪ ሲደርስ ግፊቱ ይነሣና መለኪያው 31 ተኩል ገደማ ይላል። ከፍታው የሚወስደውን ሙቀቱ ከነትርፉ ይመልሳል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ቆሞ ማስተካከል አያስፈልግም። የሚያስፈራው የአገሩ ሙቀት ሳይሆን አሞርዛተሩ ራሱ ሲሠራ የሚያመጣው ነው። ሸካራ ፒስታ ላይ ቆይቶ ውስጡ 60 ዲግሪ ቢደርስ፣ ያው 30 ወደ 36 ይወጣል። ስለዚህ የሚለካው ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ነው፣ ሁልጊዜም በአንድ ቦታ። ትልቁ ቁጥር ላይ አድርሶ መሙላትም አይገባም፤ ለሙቀቱ ቦታ ይተው።

የሚበላሸው አብዛኛው በአቧራና በውኃ ነው። በጋ ላይ ዘንጉ ላይ የተቀመጠ አቧራ ፓራኦሊዮውን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል፤ ክረምት ደግሞ የደረቀ ጭቃ ያንኑ ያደርጋል። ማታ ማታ እርጥብ ጨርቅ፣ ሌላ አያስፈልገውም። ላቫጆ ቤት በሚገፋ ውኃ ሲታጠብ ጠመንጃው ወደ ዘንጉ እንዳይዞር ንገሯቸው፤ የሚያጥቡት ልጆች ያንን ቦታ ነው በተለይ የሚወዱት። በናፍጣ ማጠብም ጎሚኒውንና የላስቲክ ሽፋኑን ያሳብጣል። የቫልቩ ክዳን ጠፍቶ በአቧራ ከተሞላ ውስጡ ያለው መርፌ አይዘጋም። የጎማ ቫልቭ መርፌ ስለሆነ ጎሚስታው ዘንድ ይገኛል፤ ቫልቩን ምራቅ ቀብቶ አረፋ ከታየ እሱን መቀየር ነው እንጂ አሞርዛተሩን መኮነን አይገባም። በሳምንት አንድ ሁለት ፒኤስአይ መቀነስ ደግሞ ጠባዩ ነው።

አየር ስታስወጡ ሞተሩ በካቫሌቶ ይቁም፣ መርፌውም ቀስ ተብሎ ይነካ። በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ዘይቱን ይዞ ይወጣል፤ ያ ዘይት ደግሞ ማብረጃው ነው። ትንሽ ጤዛ ቢወጣ አያስደነግጥም፤ ቢረጭ ግን ተጎድቷል።

አንድ ነገር ጮክ ብዬ ልናገር። ብየዳ ቤት ካለው የኦክስጅን ሲሊንደር አየር አይሞላም። «ግፊት ግፊት ነው» የሚል ሰው አለ፤ አይደለም። ኦክስጅን በግፊት ዘይት ሲያገኝ እሳት ሳይለኮስለት ሊነድና ሊፈነዳ ይችላል፤ አሞርዛተር ደግሞ ዘይት የተሞላ ነው። የአሞርዛተሩ ጆሮ ቢሰነጠቅም ከነአየሩና ከነዘይቱ አይበየድም።

መንገድ ላይ ከተነፈሰ፣ ሞላ ያለው ዓይነት ከሆነ ጭነቱን አቅልሎ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ይቻላል። ጎማው ፓራፋንጎውን እንዳይነካ ግን በየጊዜው ይታይ። ፓምፑና መለኪያው መቀመጫው ሥር ይኑሩ። ከእነሱ ጋር ሦስት ቁጥር በማርከር የተጻፈበት ወረቀት በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ፤ ለብቻ፣ ከሰው ጋር፣ ከሰውና ከጭነት ጋር። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ነካ ነካ ማድረግም ይገባል፤ አዲስ ጎሚኒ ሲለምድ ስለሚቀመጥ ዳዶው ይላላል።

የወጡትን የፋብሪካ አሞርዛተሮች የሚገዛ አይጠፋም፣ አትሽጧቸው። የአየሩ ፓራኦሊዮ ያለቀ ዕለት መለወጫው ደሴ ላይ ሲፈለግ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል፤ እነዚያን ሳምንታት ሞተሩ የሚሄደው በእነሱ ነው። ዘንጋቸው ላይ ስስ ግራሶ ቀብታችሁ በማዳበሪያ ጠቅልሏቸው፤ ቡሎናቸውን፣ ዳዷቸውንና ሮንዴላቸውን ደግሞ በአንድ ፌስታል ቋጥራችሁ ከእነሱ ጋር እሠሩት።